ሸኚ የሌለው ስንብት

አማርኛችን ለመለያየት ሁለት ግሥ አለው። የሚሄደው ይሰናበታል፤ የሚቀረው ይሸኛል። ሸኚ ማለት ነጠላውን አጣፍቶ እስከ ወንዙ ማዶ፣ እስከ አውቶቡስ ተራው፣ ሲሆንለትም እስከ ቦሌ ድረስ ሄዶ ብቻውን የሚመለስ ሰው ነው። ሲመለስ በመንገድ ላይ ምን እንዳሰበ፣ ቤቱ ገብቶ ባዶውን መቀመጫ ሲያይ ምን እንደተሰማው ተሰናባቹ አያውቅም። ስንብትን በጽሑፍ ማሳመር የሚከብደውም በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የሄደው ነው፤ የታሪኩ ግማሽ ግን ያለው ከቀረው ሰው ዘንድ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያመጣሁት አንድ የንባብ ልማድ ነው። የበጋ ዕረፍታቸውን ከአንድ የክርስቲያን አገልግሎት ጋር በባዕድ አገር በበጎ ፈቃድ አሳልፈው የተመለሱ የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣቶች የሚጽፏቸውን የስንብት ጽሑፎች ባገኘሁበት ሁሉ አነባለሁ። አንዳንዱ ለላከው ማኅበረ ምእመናን የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት የወጣ ትዝታ ነው፤ አንዳንዱም ወፍሮ መጽሐፍ ሆኗል። ሐያስያን አይነኩትም። በቅን ልቡና የተጻፈን ነገር መተቸት ነውር ይመስላል። እኔ ግን ይህ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል፤ ዘርፍ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ዘርፍ ሊመዘን ይገባል ባይ ነኝ።

ዘርፍ ነው ስል ብዛቱንም ማለቴ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በጋ ጆርጅ ቨርወር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሃይማኖት ጽሑፎችን ይዞ ወደ ሜክሲኮ ወረደ። ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን የተባለው ድርጅት መነሻው ይህ ጉዞ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሎረን ከኒንግሃም ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽንን መሠረተ። ቀደም ሲል ሚሲዮናዊ ሲባል ባብዛኛው የሰው አገር ቋንቋ ተምሮ፣ እዚያው ልጅ ወልዶ፣ አንዳንዴም እዚያው ተቀብሮ የሚቀር ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሚሲዮናዊነት በሁለት የትምህርት ዓመታት መሐል ሊገባ የሚችል ነገር ሆነ። ሮበርት ዉትናው የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1.6 ሚሊዮን የማያንሱ የአሜሪካ ምእመናን በዓመት እንዲህ ላለ አጭር ጉዞ ወደ ውጭ እንደሚወጡ ገምቷል። ከአሥሩ አንዱ ብቻ ብዕር ቢያነሣ ስንት ስንብት እንደሚጻፍ አንባቢ ያስላው።

ጽሑፎቹን አከታትሎ ላነበበ ሰው ቅርጻቸው ወዲያው ይገለጥለታል። መክፈቻው የመጨረሻው ምሽት ነው። መዝሙር አለ፤ ሻማ ወይም እሳት አለ። በማግሥቱ አውቶቡስ ይቆማል፤ ልጆች ይከቡታል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ የጸሐፊውን አንገት አቅፋ አልለቅም ትላለች። ልጅቱ ስም አላት፤ የአባት ስም ግን የላትም። ዕድሜዋ ይገመታል እንጂ አይታወቅም። ከዚያ አውሮፕላን፣ መስኮት፣ ደመና። መዝጊያው ደግሞ ልሰጥ ሄጄ ተቀብዬ ተመለስኩ የሚል ሐሳብ ነው። ቃሉ በየጽሑፉ ይለዋወጣል እንጂ ሐሳቡ አይቀርም። ትሕትና ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ሚዛኑ እንደገና ወደ ጸሐፊው ያዘነብላል። ድሃው መንደር በጽሑፉ ውስጥ የተገኘው ወጣቱ እንዲለወጥበት ነው፤ መንደሩ ራሱ ምን ሆነ የሚል ጥያቄ አይነሣም። በትረካ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ የአገሬው ሰው መቼት ሆኗል፤ ገጸ ባሕርይው አንድ ብቻ ነው።

መቼት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። በሐምሌ ወደ አዲስ አበባ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ስለ በጋው ሲጽፍ ጭቃው አለ፣ ዝናቡ አለ፣ የቆርቆሮው ጩኸት አለ። ሐምሌና ነሐሴ ግን የገበሬው ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ ትምህርት ቤትም የሚዘጋበት ጊዜ መሆኑን ልብ ያለ አላጋጠመኝም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከእኛ መለየት አልፈለጉም ብሎ የሚጽፈው ወጣት፣ የፍቅራቸው ግማሽ ምክንያት የትምህርት ሚኒስቴር የጊዜ ሰሌዳ መሆኑን ቢያውቅ ምናልባት ቅር ይለው ይሆናል።

በዚህ ነገር ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። በወጣትነቴ ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች ሁለት ክረምት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ስንብት አልረሳውም። የቡድኑ መሪ እያለቀሰ ተናገረ፤ እኔም ዐይኔ እንባ እየሞላ ተረጎምኩ። በቅርቡ እንመለሳለን አለ። ይህችን አጭር ቃል ወደ አማርኛ ማምጣት ቸገረኝ። በእሱ አፍ መልካም ምኞት ናት፤ እዚያ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን በሰው ፊት የተሰጠች ቃል ልትሆን ነው። እንዳለች ተረጎምኳት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ቀና ብሎ "ለእንቁጣጣሽ?" አለኝ። ጥያቄውን ለእንግዶቹ አልተረጎምኩም።

ያን ዕለት ያላለቀሰች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ወጥ ሠሪዋ። ከጓዳው በር ላይ ቁጢጥ ብላ ብርጭቆ ትቆጥራለች። ብርጭቆዎቹ የእድር ናቸው፤ በእሷ ስም የወጡ። ከጎደለ የምትተካው እሷ ናት። ከወራት በኋላ ከቡድኑ አንዷ የጻፈችው ትዝታ እጄ ገባ። መዝሙሩ አለ፣ እንባው አለ፣ ዝናቡም አለ። ስድስት ሳምንት ያበላቻቸው ሴትና ብርጭቆዎቿ የሉም። እኔ አስተርጓሚያችን ተብዬ በአንድ መሥመር ታልፌያለሁ። ቅሬታ የለኝም፤ ትንሽ ብቻ።

ይህን ዘርፍ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በሚያከብሩት መጽሐፍ ብንመዝነው ጉድለቱ ይበልጥ ይታያል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ይሰናበታቸዋል። አብሯቸው ሦስት ዓመት ኖሯል። ስለ ራሱ ይናገራል፤ ግን ሒሳብ እንደሚያወራርድ ሰው ነው፤ የማንንም ገንዘብና ልብስ እንዳልተመኘ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ እንዳደረ ያሳስባቸዋል። ከዚያ እሱ ከሄደ በኋላ በእነሱ ላይ ስለሚደርሰው አደጋ ያስጠነቅቃቸዋል። የሚገርመኝ ግን እመለሳለሁ አለማለቱ ነው። ዳግመኛ እንደማይተያዩ በግልጽ ይነግራቸዋል፤ አብልጠው የሚያዝኑትም በዚህ ቃል ነው። ተራኪው ከተጓዦቹ ወገን መሆኑን አንርሳ፤ በዙሪያው ያሉትን የጉዞ ክፍሎች "እኛ" እያለ ነው የሚተርካቸው። ሆኖም የመለያየቱን እንባ ለቀሪዎቹ ሰጠ። የመጨረሻውንም ድርጊት ለእነሱ ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹ እስከ መርከቡ ይሸኛሉ። ምዕራፉ እዚያ ላይ ስለሚያበቃ አንባቢው ለጥቂት ጊዜ ከሸኚዎቹ ጋር ወደቡ ላይ ይቆማል። በሁለት ሺህ ዓመት ልዩነት የተጻፉት የበጎ ፈቃደኞች ስንብቶች ግን ሁሉም መርከቡ ላይ ናቸው።

በበጎ ፈቃደኞች ላይ ከተሰነዘሩት ትችቶች የከረረው የኢቫን ኢሊች ሳይሆን አይቀርም። ኢሊች ራሱ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ኩዌርናቫካ በተባለችው የሜክሲኮ ከተማም ለሚሲዮናውያን ቋንቋ የሚያስተምር ማዕከል አቋቁሟል። በኤፕሪል 1968 እ.ኤ.አ. በየበጋው ወደ ሜክሲኮ መንደሮች በሚወርዱ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ አትምጡ አላቸው። ለመጎብኘት፣ ተራራ ለመውጣት፣ ለመማር ኑ፤ ለመርዳት ብላችሁ ግን አትምጡ ነበር የነገሩ ፍሬ። ዕረፍታችሁ አልቆ ወደ ተደላደለው ሠፈራችሁ ስትመለሱ የቀሰቀሳችሁት ጣጣ የሚተርፈው ለመንደሩ ሰው ነው ሲልም ገሠጻቸው። ንግግሩ ዛሬም ይነበባል፤ መነበብም ይገባዋል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ኢሊችም ስለ ሜክሲኮው ገበሬ ይናገራል እንጂ ገበሬውን አያናግረውም። የተማሪዎቹን ጥፋት በሌላ መንገድ ደገመው።

ከኢሊች ወዲህ ማስረጃ ቆጥረው የመጡ አሉ። ከርት ቬር ቢክ በ1998 እ.ኤ.አ. ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ከመታ በኋላ የተሠሩትን ቤቶች አጥንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ቡድኖች የሠሩት አንድ ቤት የጉዞ ወጪያቸው ሲታሰብ 30,000 ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ የአገሩ ድርጅት የሠራው ግን 2,000 ዶላር ገደማ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ግኝቱ ነው፤ ተመላሾቹ ሕይወታችን ተለወጠ ቢሉም በአኗኗራቸው የታየው ዘላቂ ለውጥ ጥቂት ሆኖ አገኘው። የዘርፉ ተወዳጅ መዝጊያ እንግዲህ ይህን ያህል ነው የሚጸናው።

የዚያችን አንገት አቅፋ አልለቅም ያለች ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሊንዳ ሪክተርና ኤሚ ኖርማን በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናታቸው አንሥተውታል። በአፍሪካ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ለአጭር ጊዜ እየመጡ የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችን ተመልክተው፣ ለማያውቀው እንግዳ ሁሉ ወዲያው እቅፍ የሚዘረጋ ሕፃን ፍቅር የተረፈው ላይሆን እንደሚችል፣ ደጋግሞ የሚቆራረጥ ትስስርም እንደሚጎዳው አስረድተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ትዕይንት እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። ጸሐፊው የፍቅር ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ነገር የጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከተሰናባቾቹ ተራ ስንተኛው እንደሆነ እንኳ አላወቀም።

ሸኚው ስም ያገኘበት መጽሐፍ የለም እንዳልል የእኛው ወላይታ ይመልስልኛል። ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው "ፋየር ኦን ዘ ማውንቴንስ" የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በወላይታ የሠሩትን ይተርካል። እነዚህ ሰዎች የበጋ እንግዶች አልነበሩም፤ ዓመታት ኖረዋል። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሶዶን እንዲለቁ ሲያስገድዳቸው ትተው የሄዱት 48 ያህል የተጠመቁ አማኞችን ነው። ሥራው አለቀለት ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ 10,000 ገደማ እንደደረሱ ተነገራቸው። በመካከሉ የሆነውን የሠሩት ቀሪዎቹ ናቸው፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ፣ ታስረውና ተገርፈው ያላቆሙ። ዴቪስ ራሱ ሚሲዮናዊ ነው፤ ነገሩን ሁሉ ተአምር ብሎ ስለሚያየው የሰዎቹ ብልኃትና አደረጃጀት የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ ስንብት መዝጊያ አይደለም፤ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ተሰናባቹ ከሄደ በኋላ ነው።

የወጣቶቹ እንባ የውሸት ነው አላልኩም። አይቼዋለሁ፤ እውነተኛ ነው። የምለው ለጽሑፍ እንባ ብቻ አይበቃም ነው። አንድ ጸሐፊ ያስተናገደውን ሰው ሙሉ ስም፣ የሚሠራውን ሥራ፣ በስንብቱ ዕለት የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀረት ካቃተው፣ ስድስቱን ሳምንት ከማን ጋር እንደነበር እጠይቀዋለሁ። ቋንቋ አላውቅም ነበር የሚለው ምክንያትም አይበቃም። አስተርጓሚ ነበረው።

በዓመቱ ሌላ ቡድን መጣ፤ እኔም እንደገና ተጠራሁ። አውቶቡሱ ቆሞ ገና ጓዝ ሳይወርድ ያ የእንቁጣጣሹ ልጅ ሰዉን እየገፋ መጣና ያለፈውን ዓመት ሰዎች በየስማቸው እየጠራ የት እንዳሉ እንድጠይቅለት ለመነኝ። በዚህ ጊዜ ተረጎምኩ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፤ ከስሞቹ አንዱንም አያውቁም። ወጥ ሠሪዋ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ዘንድሮ ከእድር ብርጭቆ አላወጣችም። የፕላስቲክ ኩባያ ገዝታ ነበር።