ዋይፋዩን አጥፋና አሳየኝ

ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ሁሉ ያምራል። መብራቱ አይቆራረጥም፣ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ሻጩ በፎር ኬ የተቀረጸ የባሕር ዓሣ ከፍቶ «ጥራቱን እየው» ይላል። እኔ ከደንበኛ ጋር ዕቃ ልመርጥ ስገባ የመጀመሪያ ቃሌ «ዋይፋዩን አጥፋና አሳየኝ» ነው። ቀጥዬ «ከሶኬቱ ንቀለውና መልሰህ ሰካው» እላለሁ። አንዳንዱ ሻጭ ይስቃል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል። ቴሌቪዥኑ ግን የሚሄደው እኛ ቤት ነው፤ እዚያ የሚጠብቀውን ኑሮ እዚሁ ትንሽ ይቅመሰው እንጂ።

ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ላይ ዲሽ መትከል፣ ቴሌቪዥን መጠገን፣ ሲለምኑኝም ገዢ ተከትዬ ገበያ መውጣት ነው። ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ ሰው የይፋት ቆላ እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ ሲዘለቅ ሙቀት፣ አቧራና የጋለ ቆርቆሮ አይጠፋም። የሽንኩርትና የማሾ ገንዘብ እጅ ሲገባ ቴሌቪዥን ይገዛል፤ የሚጠየቀውም ያው ነው፤ «ሳምሰንግ ይሻላል ወይስ ኤልጂ?»

ጥያቄው ጎዶሎ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። ዛሬ ማርካ መረጥን ስንል ሲስተም መምረጣችን ነው። ሳምሰንግ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስማርት ቴሌቪዥኖቹ ላይ ታይዘንን ይጭናል። ኤልጂ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዌብ ኦኤስን ይዟል። ይኼኛው በነገራችን ላይ መጀመሪያ ፓልም የተባለ ኩባንያ ለስልክ የሠራው ነው፤ በኤችፒ እጅ አልፎ ነው ቴሌቪዥን ላይ የደረሰው። ሃይሴንስ ብዙ ጊዜ ቪዳ አለው። ሶኒ፣ ቲሲኤልና ሌሎችም የጉግልን አንድሮይድ ቲቪ ወይም አዲሱን ጉግል ቲቪ ይጭናሉ። በተመሳሳይ ዋጋ የሚሸጡ ስክሪኖች በዓይን ብዙም አይለያዩም፤ ሰው ሪሞት ይዞ በየማታው የሚታገለው ከሲስተሙ ጋር ነው።

እነዚህ ሲስተሞች ሁሉ ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት ሰው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ይህን በደንብ አየሁት። «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ» ተብዬ የሄድኩበት ቤት ብዙ ነው። ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። ሲበራ የሚመጣው የፊልምና የቪዲዮ ፖስተር የሚደረደርበት ገጽ ነበር፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ገጹ ባዶ ይሆናል። ዲሹ ይሠራል፣ ቻናሎቹ ከጀርባ አሉ፣ ቤተሰቡ ግን ባዶውን ገጽ እያየ ይቆዝማል። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ ሲበራ ወደ ሆም መሄዱን ትቶ ቀጥታ ወደ ቻናል እንዲገባ ከሴቲንግ ማስተካከል ይቻላል። ጉግል ቲቪ ላይ እንደ አምራቹ ይለያያል። ቢያንስ ገና ከካርቶን ሲወጣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ጂሜል መከፈት መቻሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ጉግል ቲቪ «ቤዚክ ቲቪ» የሚል ምርጫ ያለው ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን ምርጫ ፈልጎ ማግኘት ካቃተው፣ ገዢው ቤቱ ገብቶ ያገኘዋል ብዬ አልጠብቅም።

ዲሽን ካነሳሁ አይቀር። ቀድሞ እዚህ አገር ብዙው ዲሽ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ነበር የሚያየው። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲመጣ ሳህኑ ሁሉ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ወደ አዋሽ በኩል ዞረ። እኛ ጋ ያ ሳተላይት ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል ዲሹ ወደ ሰማይ ይንጋለላል፤ ዝናብና ቅጠል ማጠራቀሙም ከዚያ ነው። ያኔ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 የሚለውን የኢትዮሳት ቁጥር በቃሉ ያልያዘ ጎረምሳ አልነበረም።

ከኋላው የሚጠመዘዝ የዲሽ ሶኬት ያለው ቴሌቪዥን ለነጻ ቻናሎች ሪሲቨር አይፈልግም። አንድ ሪሞት፣ አንድ ሶኬት፣ መብራት ሲዘል የሚቃጠል አንድ ዕቃ ተቀነሰ ማለት ነው። የዚህን ጥቅም ወይ የሚያወጣው ወይ የሚያበላሸው ግን ሲስተሙ ነው። በስም ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሳተላይት በእጅ ማስገባት ይቻላል? አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ለይቶ መፈለግስ? ርካሽ ሪሲቨር እንኳ ብላይንድ ስካን ብሎ ሰማዩን አስሶ ይመጣል፤ የቴሌቪዥን ሲስተም ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ካልሰጡት አይንቀሳቀስም። ደግሞ የቻናል አደራደር አለ። እናት ኢቲቪን 1 ላይ፣ ኢቢኤስን 2 ላይ ለምደዋል፤ ፍለጋው በተደገመ ቁጥር ቅደም ተከተሉን የሚበትን ሲስተም ቤት ያምሳል። እኔ ሱቅ ውስጥ የቻናል ማስተካከያ ገጹን ሳስከፍት ሻጮች የሚገርማቸው፣ ማንም ገዢ ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው። ካናል ፕላስ ወይም ዲኤስቲቪ ለሚያይ ቤት ይህ ሁሉ አያስጨንቅም፤ የራሱ ዲኮደር አለው።

«ንቀለውና ሰካው» የምለው ለምን እንደሆነ በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የማሾ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃ ኢንተርኔት አለ ይላል፤ ዩቲዩብ ግን እምቢ አለኝ።»

«መብራት ሄዶ ነበር ሐጂ?»

«ሳይሄድ የዋለበት ቀን አለ?»

ሄጄ አየሁት። ዋይፋዩ ተገናኝቷል። ዩቲዩብ ሲከፈት ይሽከረከርና ይቆማል። ሴቲንግ ገብቼ ቀኑን ሳይ አውቶማቲኩ ጠፍቷል፤ ዓመቱ 2017 ይላል። ያኔ እንደ ፈረንጅ 2025 ነበር።

«ቀኑን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ! ዘንድሮ 2017 አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነዎት ሐጂ። ፈረንጅ የሆነው ቴሌቪዥኑ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ቴሌቪዥን ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የሚያቆይ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲመለስ ቀኑን ከኢንተርኔት ወይም ከሳተላይት ቻናሉ መውሰድ አለበት። ደግሞ ዩቲዩብን ከመክፈቱ በፊት የጉግልን ሰርተፍኬት ይመረምራል፤ ሰርተፍኬቱ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። 2017 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያምን ቴሌቪዥን በ2025 የወጣ ሰርተፍኬት ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ አላምንም ብሎ በሩን ይዘጋል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን «ኢንተርኔት የለም» የሚል ወይም እሱን የመሰለ መልእክት ነው። ሰውም ካርድ ይሞላል፣ ፓኬጅ ይገዛል፣ ቴሌን ይረግማል። ደህና ሲስተም ሲነሳ ቀኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ሱቅ ውስጥ ዋይፋዩን መልሶ ከፍቶ ነቅሎ መሰካት ይህን ያሳያል። ከዚያም በላይ ለመነሳት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያሳያል። አንድ ጊጋ ራም ያለው ባለ አንድሮይድ 32 ኢንች ነቅሎ ሲሰካ ሲጎተት ላየ ሰው ሌላ ምክር አያስፈልገውም። መብራት በቀን ብዙ ጊዜ በሚሄድበት አገር ይህ መጎተት በየቀኑ ይደጋገማል።

ኢንተርኔት ሲኖርም እዚህ ብዙው ቤት የሚያየው በልጅየው ስልክ ሆትስፖት ነው። በ1080 ጥራት አንድ ሰዓት ዩቲዩብ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ጊጋባይት ይበላል፤ ወደ 480 ሲወርድ ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ይበቃዋል። ቴሌቪዥን ደግሞ ስክሪኑ ትልቅ ነው ብሎ ካልከለከሉት ከፍተኛውን ይመርጣል። የጉግል ሲስተም በዚህ ላይ አፕሊኬሽኖቹን በራሱ ጊዜ ያድሳል፤ የሳምንት ፓኬጅ አንድ ሌሊት ሲያልቅ ሌባው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዕቃ ሳስረክብ መጀመሪያ የማጠፋው አውቶ አፕዴትን ነው። ጉግል ራሱ ነገሩን የተረዳው ሕንድ ላይ ይመስለኛል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በሆትስፖት ለሚያዩ ሰዎች ብሎ ዳታ ሴቨር የሚባል ነገር መጀመሪያ እዚያ አወጣ። ካለው ጥሩ፣ ከሌለው ጥራቱን በእጅ ማውረድ ነው። በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መንዙማ ወይም መዝሙር መፈለግ የሚያስመርር ከሆነ፣ በስልክ በአማርኛ ጽፎ ከዩቲዩብ ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ በሁሉም ሲስተም ይሠራል። ለዚህ ብሎ ጉግል ቲቪ መግዛት አያስፈልግም።

ለፍላሽ ግን የአንድሮይድ ጥቅም እውነተኛ ነው። ገበያ ስወጣ ኪሴ ውስጥ የምይዘው ፍላሽ አለ። አንዱ ፋይል ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መዝሙር ነው፤ ሲስተሙ ፊደሉን ካላወቀው ስሙ ተርታውን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ሌላው ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው የተቀረጸ ፊልም ነው። ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ስለተወ ምስሉ ይሄዳል፣ ተዋናዩ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም። ኤልጂም ለተወሰኑ ዓመታት እንዲሁ አድርጎ ነበር። ሰው ስፒከሩ ተቃጠለ ብሎ ያመጣልኛል። አንድሮይድ ላይ ቪኤልሲን ጭኖ መገላገል ይቻላል፤ ታይዘንና ዌብ ኦኤስ ላይ ያ መውጫ የለም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለበት ነገር ካርቶኑ ላይ «ስማርት አንድሮይድ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድሮይድ ቲቪ አለመሆኑ ነው። ብዙው ስም የለሽ ዕቃ ነጻውን የስልክ አንድሮይድ ወስዶ ቴሌቪዥን ላይ የለጠፈ ነው፤ የጉግል ማረጋገጫ የለውም። ሪሞቱ እንደ ኮምፒውተር ማውስ ቀስት የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ጠርጥሩ። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ መሣሪያው የተረጋገጠ መሆኑ ተጽፎ ካልተገኘ ይበልጥ ጠርጥሩ። ያልተረጋገጠ ላይ ዩቲዩቡ አንድ ቀን አድሱኝ ይልና ሲታደስ አልከፈትም ይላል። የከፋም አለ፤ በግንቦት 2017 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ ነገር ሲያስጠነቅቅ፣ ከፋብሪካ ጀምሮ ወይም ሲከፈቱ ቫይረስ ስለሚገባባቸው ርካሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክሶችና መሰል ዕቃዎች ነበር የሚያወራው።

ከውጭ የሚላክም አለ። ከአረብ አገር እህት የላከችው ብዙ ጊዜ ችግሩ ቀላል ነው፤ ሜኑው ዓረብኛ ሆኖ ከቀኝ ወደ ግራ ይከፈታል፣ ቋንቋውን መቀየር ነው። የአሜሪካው ግን ያሳዝነኛል። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የዲሽ ሶኬት የለውም፣ ሲስተሙ ሮኩ ከሆነ ደግሞ አካውንቱ የአሜሪካን ኑሮ ይጠይቃል። በኤችዲኤምአይ ሪሲቨር ሰክቶ ከማየት ሌላ ብዙ ተስፋ የለውም። ገንዘቡ ቢላክና እዚህ ቢገዛ ይሻላል።

ታዲያ የቱ? ሽማግሌና እናት ሪሞቱን በሚይዙበት፣ ኢንተርኔቱ ሆትስፖት በሆነበት ቤት ዌብ ኦኤስን ወይም ታይዘንን እመርጣለሁ፤ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔትም አይደናገጡም። ወጣት ያለበት፣ የመስመር ኢንተርኔት የገባለት፣ ፍላሽ የሚዘዋወርበት ቤት ሁለት ጊጋ ራም ያለው የተረጋገጠ ጉግል ቲቪ ይውሰድ። አንድ ጊጋ ራም ያለው ጉግል ግን አይገዛም፤ በዚያ ዋጋ ተራ ዲጂታል ቴሌቪዥን ገዝቶ የተረፈውን ስታብላይዘር ላይ ማዋል ይበልጣል።

ዕድሜውንም ማሰብ ነው። በሚያዝያ 2007 ጉግል የዩቲዩብን አሮጌ መግቢያ ሲዘጋ በ2012 እ.ኤ.አ.ና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ ዩቲዩብ ሞተ፤ ስክሪናቸው ግን ደህና ነበር። አሁን ሳምሰንግ ከ2024 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ ለሰባት ዓመት፣ ኤልጂ ለአምስት ዓመት ሲስተሙን እናድሳለን ይላሉ። ርካሾቹ ምንም ቃል አይገቡም። ስለዚህ ሲስተሙ ያረጀበት ሰው «ልሽጠውና ሌላ ልግዛ?» ሲለኝ አይሆንም እላለሁ፤ የተረጋገጠ የጉግል ቲቪ ስቲክ ወይም ቦክስ ገዝቶ ኤችዲኤምአይ ላይ መሰካት ይበቃዋል። ስቲኩን ግን ከራሱ ቻርጀር ያብራው። የቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፒር በላይ ስለማይሰጥ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ቻርጀሩም ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ስታብላይዘር ላይ ይሰካ።