ዋንዛና ባሕር ዛፍ በአንድ ቁም ሣጥን

ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ ብዙ ሒስ ተጽፏል፤ ስለ ቁም ሣጥን የተጻፈው ግን ከቁጥር አይገባም። ቁም ሣጥን የልብስ ማኖሪያ፣ ቡፌም የብርጭቆና የሳሕን መደርደሪያ ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ከኪነ ጥበብ ሸንጎ የሚያቀርበው አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት፣ በገዛ ግቢው፣ መጋዝና መላጊያ ይዞ የሚሠራው ቁም ሣጥን የሠሪውን አመለካከት በመግለጥ ረገድ ከብዙ ሸራ አያንስም። ሙያተኛው አናጢ ደንበኛው ያዘዘውን ይሠራል፤ ለራሱ ቤት የሚሠራ ሰው ግን ታዝዤ ነው የሚል ማመካኛ የለውም።

የመጀመሪያው ፈተና እንጨቱ ነው። እንዲህ ያለው ሠሪ እጅ የሚገባው ከአንድ ዛፍ የወጣ ጣውላ አይደለም። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የዝግባ ሳንቃ፣ ከአሮጌ በር የተነቀለ ጥድ፣ በስንት ልመና የተገኘ ጥቂት ዋንዛ፣ የጎደለውንም የሚሞላ ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ልዩነታቸውን ይግለጠው ወይስ ይደብቀው?

የተለመደው መልስ መደበቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ይነከራል፤ በላዩ ቫርኒሽ ይደረብበታል፤ ዝግባውም ባሕር ዛፉም ዋንዛ ነኝ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። ውጤቱ ለሩቅ ተመልካች አንድ ወጥ ይመስላል። ነገር ግን ቀለሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋው ዋንዛውን ራሱን ነው። በትዕግሥት የተላገው ያ ለዘብ ያለ ቡናማ ገጽ ከሐሰተኛ ጎረቤቱ የማይለይ ይሆናል። ሎሌውን ጌታ ለማስመሰል ሲባል ጌታው አብሮ ተቀባ ማለት ነው።

ይህ አንድነትን በቀለም የመፈለግ ልማድ ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምንጭ ነባሩ የእንጨት ጥበብ ሳይሆን አይቀርም። የጅማ በርጩማና ባለመደገፊያው የጅማ ወንበር ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው፤ ሚስማርም ኮላም አያውቁም። ከበሮም እንዲሁ ከዋንዛ ግንድ ይቦረቦራል። በእነዚህ ሥራዎች ዘንድ ውበትና አንድ ወጥነት የማይነጣጠሉ ናቸው፤ መቀጠል የጉድለት ምልክት ነው። ቁም ሣጥን ግን በተፈጥሮው የተገጣጠመ ነገር ነው። ሁለት ሜትር ቁመትና ሁለት መዝጊያ ያለው ዕቃ ከአንድ ግንድ አይፈለፈልም። በርጩማው የተመዘነበትን ሚዛን ለቁም ሣጥን ማዋል ግጥምን በስድ ንባብ ሕግ እንደ መዳኘት ይቆጠራል።

ለቁም ሣጥን የሚስማማው ሚዛን ሌላ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ እንጨት በባሕርይው የሚችለው ሥራ ተሰጥቶታል ወይ የሚለው ነው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚገዛ፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ የማይጣመም ስለሆነ፣ ዐይን የሚያርፍበትና እጅ የሚዳስሰው መዝጊያ ይገባዋል። ጥድ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው፣ መዓዛውም ከልብስ ጋር የሚስማማ ነው፤ መሰንጠቅ ይወዳልና ሚስማር የሚበዛበት ስፍራ አይሆነውም፤ የመሳቢያ ወለል ቢሆን ግን መሳቢያው በተሳበ ቁጥር ሽታው ይቀበላል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ጭረቱም የማይጎላ ነው፤ ለነቀዝ የተጋለጠ በመሆኑ ከእርጥብ ወለል መራቅ አለበት፤ ለጨለማው የቁም ሣጥን ሆድ ግን ብርሃን ይሰጣል። ወይራ ሰፊ ጣውላ አይወጣውም፤ ጣት በየቀኑ የሚያሸውን እጀታ ግን ከእርሱ የተሻለ የሚሸከም የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ብርቱ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል። በሚገባ ደርቆ ከተመረጠ ከውስጥ ሆኖ ክብደት ይሸከማል።

የሥራው እውነተኛ ፈተና ያለው ከመጋጠሚያው ላይ ነው። እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ መልሶም ለአየር ይሰጣል። በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። በቁመቱ በኩል ያለው ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ከእርጥብነት እስከ ፍጹም ድርቀት እንኳ ዘወትር ከመቶ ከ0.1 እስከ 0.2 ያህል ቢሆን ነው። በወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያውም የግንዱን ቀለበት ተከትሎ የሚደረገው መኮማተር ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚደረገው እጥፍ ገደማ ይሆናል። 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የመዝጊያ ሳንቃ ከመቶ አንድ ቢሰፋ 4 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው፤ መዝጊያው አልዘጋ እንዲል ይህ ይበቃል። ሁለት ዓይነት እንጨት ደግሞ በአንድ ልክ አይሰፋም፣ በአንድ ልክ አይጠብም። ስለዚህ ዋንዛን ከባሕር ዛፍ ጋር በወርዱ በኮላ አጣብቆ በአግዳሚ የቸነከረ ሰው ጠብ ዘርቶ ሄደ ማለት ነው፤ የጥር ፀሐይ ሲበረታ ሳንቃው ጧ ብሎ ይሰነጠቃል።

የጥንት አናጢዎች መፍትሔ ክፈፍ ነው። ቋሚውና አግዳሚው ተገጣጥመው በውስጣቸው ቦይ ይቆፈራል፤ ሳንቃው በዚያ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይገባል፤ እንደ ልቡ ይሰፋል፣ እንደ ልቡ ይጠባል፤ ክፈፉ ግን ቅርጹን ይጠብቃል። እዚህ ላይ ልዩ ልዩ እንጨት መጠቀም ጌጥ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የክፈፉ ሥራ ከሳንቃው ሥራ እንደሚለይ ዐይን በቀለማቸው ያነባል። ቤት የሚመታ ግጥምም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት በመጨረሻ ድምፃቸው ይገናኛሉ እንጂ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ አይደገምም። ቀለም የደፋበት ሠሪ በዚሁ ክፈፍ ይጋለጣል። በክረምት የተቀባው ሳንቃ በበጋ ሲጠብ፣ በቦዩ ውስጥ ተሸሽጎ ቀለም ያልደረሰው ጠርዝ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ከመደበቅ የሸሹ አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሮጣሉ። አንድ ነጭ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ አንድ ቀይ እያሉ መዝጊያውን እንደ ነጠላ ጥለት ያሰልፉታል። እንጨቱ ምን እንደሚሠራ አይጠየቅም፤ እዩኝ ብቻ ነው። ይህ አካሄድ ከፍተኛ ጥበብ ላይ ሊደርስ እንደሚችል አይካድም። እ.ኤ.አ. ከ1478 እስከ 1482 ገደማ ለኡርቢኖው መስፍን ለፌዴሪጎ ዳ ሞንቴፌልትሮ በጉቢዮ ቤተ መንግሥት የተሠራው፣ ከ1939 ጀምሮም በኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የንባብ ክፍል ግድግዳ፣ ከዋልነት፣ ከኦክ፣ ከፍራፍሬ ዛፎችና ከሌሎችም በተቆራረጡ እንጨቶች የተሞላ ነው፤ መዝጊያቸው ገርበብ ያሉ ቁም ሣጥኖችን፣ በውስጣቸውም መጻሕፍትንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ያሳያል። ነገር ግን አንዱም ቁም ሣጥን እውነተኛ አይደለም፤ ሁሉም በእንጨት የተሣለ ሥዕል ነው፤ ልብስ የሚያኖርበትም የለም። ልብስ ለሚኖርበት ቁም ሣጥን የሥዕልን ነጻነት መዋስ አይገባውም።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር መነሣት ይኖርበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ለመክልከል ያበቃው የዛፎቹ መመናመን ነው። ቁም ሣጥኑን ከእግር እስከ ራስ ዋንዛ ካላደረግሁ የሚል ሰው ሌላ ዛፍ ያስቆርጣል፤ ዋንዛውን ለሁለት መዝጊያ አውሎ የቀረውን ከባሕር ዛፍና ከፈረሰ ቤት ሳንቃ የሚያሟላ ግን በአንድ ግንድ ለሦስት ቤት ይበቃል። ገበያውን ያጥለቀለቀው ኤም ዲ ኤፍ በበኩሉ የእንጨት ጭረት በወረቀት ላይ አትሞ ይለጥፋል። በዚህ የማስመሰል ውድድር ቀለም ነካሪው ሠሪ ፋብሪካውን አይረታም።

የተቀቡት ቁም ሣጥኖች ከግድግዳ ሲነሡ ጀርባቸው ይታያል። በዚያ በኩል ቀለሙ ከጠርዙ ላይ ያቆማል፤ ለማይታይ ገጽ ማን ቀለም ያባክናል? ባሕር ዛፉ በፈዛዛ ገጹ፣ ዝግባው በቢጫነቱ፣ የአሮጌው በር ጥድ የቀድሞ ማጠፊያው ጠባሳ ሳይቀር፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይገኛሉ። ከቁም ሣጥኑ ገጾች ሁሉ ሠሪው ሳይዋሽ የሠራው ያንን ነው፤ የሚያየው ግን ዕቃ ተሸካሚው ብቻ ነው።