ከቢራ ፋብሪካ የወጣው ስሌት

የስታቲስቲክስ ጀማሪዎች ሁሉ የሚማሩት ቲ-ቴስት የተወለደው ደብሊን በሚገኘው ጊነስ ቢራ ፋብሪካ መሆኑ ሁሌም ደስ ይለኛል። ኬሚስቱ ዊልያም ጎሴት የተጨነቀበት ጥያቄ የገበያ ነበር፦ ይኼኛው የገብስ ዘር በእርግጥ ይሻላል ወይስ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው? የሚለካው ጥቂት ማሳ ብቻ ሲሆን፣ የያኔዎቹ ቀመሮች ደግሞ ብዙ ናሙና ይሹ ነበር። ጎሴት ያስተዋለው ይህን ነው፦ አራት ልኬት ብቻ ካለን፣ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የውጤቶቹ መበታተንም ግምት ነው። ስለዚህ ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የአማካዩ የስህተት ግምት የሚባዛበት ቁጥር 1.96 መሆኑ ይቀርና 3.18 ይሆናል። ይህ ጥንቃቄ በጣም ያስደንቀኛል! ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ፣ ጎሴት በ1908 እ.ኤ.አ. ጥናቱን «ስቱደንት» በሚል ስም አወጣው። ዛሬም ሁለት ዓይነት ማሸጊያ በጥቂት ሱቆች ሞክሮ ሽያጩን የሚያነጻጽር ነጋዴ የሚጠቀመው በዚሁ ስሌት ነው።