አለቃና አድናቂዎቻቸው

ጢስ ዓባይ ጠላ ቤት ገብታችሁ ጨዋታ ከደራ፣ የአለቃ ገብረ ሐና ስም መነሣቱ አይቀርም። እኔ እኒህን ሰው ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ከጣና ምሥራቅ፣ ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው ጎንደር የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ መኳንንቱን ሳይቀር በአንዲት ቃል የሚወጉ ደፋር። በጨዋታቸው አንድ ፊደል ስትጠብቅ ወይም ስትላላ ምርቃቱ ስድብ ይሆናል። ተሰዳቢው አመስግኖ ይሄዳል፤ ነገሩ የሚከነክነው ቤቱ ሲደርስ ነው።

የሚያንገሸግሹኝ አድናቂዎቻቸው ናቸው። ብልግና ያማረው ሁሉ “አለቃ እንዲህ አሉ” ብሎ ይጀምራል። ሰምም ወርቅም የሌለውን፣ ሴት የሚያዋርደውን ተረብ ሁሉ በእሳቸው ያላክካል፤ ያልሳቀውን ደግሞ “ጨዋታ አይገባህም” ይለዋል። ሙት አይከራከር!

ከእነዚህ ሰዎች ስለ ተክሌ አቋቋም የሚያነሣ አላጋጠመኝም። አለቃ ከጣና ሞገድና ከዳርቻው ሸምበቆ ውዝዋዜ ቀዱት የሚባለው፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ ዛሬም ደብረ ታቦር ላይ ይመሰከርበታል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ፣ ሐይቁ ራሱ ነጭ ለብሶ የቆመ ይመስለኛል።