«አገር ስጠኝ» የት ቀረ?

ለክፍል ንባብ ከሚቀርቡት የእንቆቅልሽ ስብስቦች ብዙዎቹ ጥያቄውን በግራ፣ መልሱን በቀኝ ደርድረው ያበቃሉ። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ገለበጡ፤ አንድም ልጅ አልሳቀም። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም።

እንቆቅልሽ የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ቤት ሳይገባ በፊት በምድጃ ዳር የኖረ ጨዋታ ነው። ላምባ ይቆጠባልና ኩራዙ ቶሎ ይጠፋል፤ እናት በእሳቱ ብርሃን እጇን ሥራ አታስፈታም፤ ልጆች በጆሮና በአንደበት ይጫወታሉ። ቃሉ ራሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለወንድ «እንቆቅልህ»፣ ለሴት «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ካልተቀበለ ጥያቄው አይቀጥልም።

ዋናው ነገር የሚመጣው ግን መልሱ ሲጠፋ ነው። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። የተሰጠውን ካልወደደ እምቢ ይላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ካገኘ እዚያ ገብቶ እንዴት እንደ ተንደላቀቀ ያወራል፣ በተሸናፊው ላይ ያሾፋል፣ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ከአባት የተወረሰ ነው፤ ይህኛው ግን የልጁ የራሱ ፈጠራ ነው። ስብስቦቹ የጣሉት እንግዲህ ፈጠራውን ነው። (ፌዙ ይመርር እንደ ነበር አልክድም፤ እኔ ራሴ የማውቀውን አገር ሁሉ ሰጥቼ አልቅሼ የተኛሁበት ሌሊት አለ።)

ተረት ዕድለኛ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ለብዙ ዓመታት ተረትን በመስኮቱ ለልጆች አድርሰዋል። ተረት በአንድ ተራኪ ይቆማል። እንቆቅልሽ ግን ለቴሌቪዥን ሣጥን አገር መስጠት አይቻልምና እንደዚያ ሊሻገር አልቻለም።

በቅርቡ ሰሌዳውን ትቼ ተማሪዎቼን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኋቸው። ከኋላ ወንበር የማትናገር አንዲት ልጅ ሦስት ከተሞች ቀርበውላት ሦስቱንም አልቀበልም አለች፤ ጓደኛዋ የካርታ መጽሐፉን እስኪከፍት ድረስ።

የስብስብ አዘጋጆች መልሱን ቢያንስ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ቢወስዱት፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከልም «አገር ስጠኝ» የሚባልበትን ቦታ ቢተዉ፣ የሚጨምረው ወረቀት ጥቂት ነው።