ተውበት ያደረገው የት ይደር?

ስለ ጫትና መጠጥ የምንሰጠው ምክር «ተው!» ከማለት አያልፍም። ወጣቱ ተወ እንበል፤ አንዋር መስጊድ መግሪብን ሰግዶ ሲወጣ የሚመለሰው ግን ወደዚያው መቃሚያ ቤት፣ ወደዚያው ጨብሲ ጓደኛ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ሩቅ አይደለም፤ ሐኪም ግን ያክማል እንጂ ጎረቤት አይለውጥም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ 100 ነፍስ ገዳዩ ሰው የነገሩንን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አስታውስ። ዓሊሙ ተውበትህ ይቻላል ብሎ ብቻ አላሰናበተውም፤ ክፉ አገርህን ልቀቅ፣ ደጋጎች ዘንድ ሂድ አለው። እኛ የምሕረቱን ስፋት እንጠቅሳለን፤ ስደቱን እንዘለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ኦክስፎርድ ሀውስ» ሱሰኝነትን የተዉ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ኪራዩን ይጋራሉ፣ ዳግም የጠጣ ይወጣል። ለመስጊድ ምንጣፍ በአንድ ጁሙዓ የምናዋጣ ሰዎች፣ የአንድ ቤት ኪራይ ከበደን?