ደንገሉ ከጣና፣ ዕውቀቱ ከማን?

የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ሰው ቡናው በጥሬው ተጭኖ ሄዶ፣ በሰው አገር ተቆልቶና ስም ወጥቶለት ሲሸጥ መስማት አዲስ አይሆንበትም። እንዲህ ያለ አንባቢ የኖርዌያዊውን የቶር ሄየርዳልን የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ነገር ሳይከነክነው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝኛ የወጣው «የራ ጉዞዎች» የሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች ታሪክ ነው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ደንገል ተሠርተዋል፤ ደንገሉም የጣና ነበር።

ሄየርዳል ለማሳየት የፈለጉት የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ይችሉ እንደነበር ነው። በፀሐይ አምላካቸው ስም የተሰየመችው «ራ» ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሰዎች እጅ ተሠራች። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል የዝግጅቱ ነው። ለወራት ውኃ ላይ የሚከርም ሰው ምን ይጭናል? የሚጠጣው በእንስራ፣ የሚበላው በቅርጫት ነው፤ ጎኑን የሚያሳርፈው ጀልባዋ ላይ በተተከለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ አንባቢም ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ጅማ ገበያ ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ በቅሎዎቹን ሲያስጭን ያስብ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ ክብደቱ የት ይረፍ? የቱ ዕቃ ቶሎ ይፈለጋል? የቱስ ይሰበራል?

«ራ»ን የጎዳት ግን የስንቅ ጉድለት አልነበረም፤ አንድ ገመድ ነው። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባው ቆልማማ የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የወረደ ገመድ ይታያል። ቆልማማው ያለ ገመዱም ስለቆመ ገመዱ አላስፈላጊ መስሎ ቀረ። ባሕር ላይ ግን የኋላው ክፍል እየዘቀጠ ውኃ ገባበት። ገመዱ ለካ ያንን ክፍል እንደ ሞላ ወጥሮ የሚይዝ ኖሯል! አጋሮ ላይ የቡና ጆንያ በጭነት መኪና ላይ የሚያስር ሰው ገመድን ያለ ሥራ የተቀመጠ አድርጎ አያይም። ተጓዦቹ ሐምሌ ላይ፣ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ጀልባዋን ትተው ወጡ። ደራሲው ጥፋቱን ሳይሸሽጉ መተረካቸው ያስመሰግናቸዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ 2»ን ሠሩ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ይህም ጉዞው እንደሚቻል አስመሰከረ፤ የጥንት ግብፆች በእርግጥ ስለመሄዳቸው ግን ማስረጃ አይሆንም። ይቻላል ሌላ፣ ተደርጓል ሌላ።

የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይለያል። ለአንዱ ጀልባ የቻድ እጅ፣ ለሌላው የቦሊቪያ እጅ ተፈለገ። ከጣና የተፈለገው ደንገሉ ብቻ ነበር። በሐይቁ ዳር ግን የወይጦ ማኅበረሰብና ሌሎችም ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ያውቃሉ፤ ስለዚህም ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ጎትተው ወደ ደረቅ ያወጡታል። ሄየርዳል ግን ሠሪ የመምረጥ መብት ነበራቸው፤ በዚህ አንወቅሳቸውም። ወቀሳው የሚመለሰው ወደ እኛው ነው። ታንኳ ሠሪውን እንደ ባለሙያ ቆጥረን ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚታሰር ከአፉ ተቀብለን ስንት ገጽ ጻፍን? ዛሬ ደንገሉ በእርሻና በእምቦጭ እየተገፋ ነው፤ ታንኳውም ቦታውን ለሞተር ጀልባ እየለቀቀ ነው። ደንገሉ ሲያልቅ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

መጽሐፉ ይነበብ፤ ይገባዋል። አንባቢ ግን ከገጹ ላይ የሌለውን ሰውም ይፈልግ። ቡናን በጥሬው መሸጥ ገንዘብ ያስቀራል፤ ዕውቀትን ሳይጽፉ ማሳለፍ ግን ምንም አያስቀርም።